ነቃሿና ቍስሉ፤ ስለ ንቅሳት ሥራ ታሪክ አጭር ማስታወሻ

ስለ ንቅሳት የሚነገረውና የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ምልክቱ ነው። በግንባር ላይ ያለው መስቀል ምን ማለት እንደ ሆነ፣ በአንገት ዙሪያ የሚሄደው መስመር ስለ ምን እንደሚደረግ፣ ድድ ስለ ምን እንደሚጠቍር ይጠየቃል፤ መልሱም ይመዘገባል። ምልክቱን የሠራችው ሴት ሥራዋን ከማን እንደ ተማረች፣ መርፌዋንና ጥላሸቷን እንዴት እንዳዘጋጀች፣ ይልቁንም ቍስሉ እስኪድን ድረስ በምን ዘዴ እንደ ተጠበቀ ግን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ማናቸውም ንቅሳት ምልክት ከመሆኑ በፊት ቍስል ነበረ። ቍስሉ በደኅና ሲድን ጌጥ ይሆናል፤ ሲመረቅዝ ጠባሳ ወይም በሽታ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የነቃሿ ሙያ እኩሌታው በመርፌዋ፣ እኩሌታው ደግሞ መርፌው ከተቀመጠ በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ የቆመ ነው። የዚህ ማስታወሻ አሳብ ይህን ሁለተኛውን እኩሌታ ከሁለት የታሪክ ምስክሮች አንሥቶ መመርመር፣ ዛሬ ከሚታወቀው የሕክምና ትምህርት ጋር ማነጻጸር፣ በመጨረሻም ለአጥኚዎች ምን ሥራ እንደ ቀረ ማመልከት ነው።

ሁለት ጌጥ በአንድ አገር

ነገሩን ከመቻራ መጀመር ይጠቅማል። መቻራ ከአሰበ ተፈሪ፣ በዛሬው ስሟ ከጭሮ፣ በስተ ደቡብ በዳሮ ለቡ ወረዳ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ ስትሆን፣ አካባቢዋ ቡናና ጫት የሚበቅልበት፣ ሕዝቡም አብዛኛው ኦሮሞና ሙስሊም ነው። በሐረርጌ ሙስሊም ሴቶች ዘንድ ለሠርግና ለዒድ እጅንና እግርን የሚያስጌጠው ሂና ነው። የሂና ቅጠል ደርቆ ከተፈጨ በኋላ በውሃ ተለውሶ በቈዳ ላይ ይቀባል። ቀለሙ ከላይኛው የቈዳ ሽፋን አልፎ አይገባም፤ ያም ሽፋን ዘወትር እየረገፈ በአዲስ ስለሚተካ ጌጡ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይጠፋል። ንቅሳት ግን በእስልምና የተከለከለ ነው፤ አል ቡኻሪ ከሰበሰቧቸው ሐዲሶች አንዱ የምትነቅሰውንም የምትነቀሰውንም ሴት አንድ አድርጎ ይኰንናል።

በ1879 ዓ.ም. ከሆነው ከጨለንቆ ጦርነት ወዲህ ከሸዋና ከሰሜን አገሮች ወደ ሐረርጌ የመጡት ክርስቲያን ቤተ ሰቦች ደግሞ ሌላ ልማድ ካለበት አገር የተነሡ ነበሩ። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ ከዚያ በአፍደምና በሚኤሶ በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ቀጥሎም በ1910ሮቹ ዓመታት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪ ዋና ከተማ ስትሆን፣ የመጪው ቍጥር እየበዛ ሄደ። ከአገር ወደ አገር የሚሄድ ሰው ቤቱን ይሸጣል፤ ልብሱን ይለውጣል፤ አነጋገሩንም ቀስ በቀስ ከጎረቤቱ ጋር ያስማማል። ከመንዝ ወይም ከጎንደር የተነሣች ሴት ግን በአንገቷ ላይ የተነቀሰውን መስመር በመንገድ ጥላው ልትሄድ አትችልም። ንቅሳት ከባለቤቱ ጋር የሚሰደድ፣ ከባለቤቱም ጋር የሚያረጅ ጌጥ ነው።

እንግዲህ በጨርጨር ከተሞች የሚጠፋው ጌጥና የማይጠፋው ጌጥ ጎን ለጎን ሆኑ። ልዩነቱን በሃይማኖት ብቻ መግለጽ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የሥራም ልዩነት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሂና የምትቀባ ሴት ቈዳን አትወጋም፤ ቅቡ ደርቆ ከተራገፈ በኋላ ከእርሷ የሚፈለግ ነገር የለም። ነቃሽ ግን ደም ታፈሳለች። ያፈሰሰችውን ደም የሚያቆም፣ የከፈተችውን ቈዳ የሚዘጋ ዕውቀት ከሌላት ሙያዋ ሙያ አይባልም። የሁለቱ ጌጦች መገናኘት የሚያስነሣው ዋና ጥያቄ ይህ ነው፤ ነቃሿ ይህን ዕውቀት ነበራትን? ምን ዓይነትስ ነበር?

ስለ ቃሉ

ወደ ምስክሮቹ ከመሄዳችን በፊት ቃሉን መመልከት ይገባል። «ነቀሰ» የሚለው የአማርኛ ግሥ ሁለት ሥራዎችን ይገልጻል። በአንድ በኩል እግር ውስጥ የገባውን እሾህ በመርፌ ወይም በሌላ እሾህ ፈልፍሎ ማውጣት «መንቀስ» ይባላል፤ «እሾህን በእሾህ» የሚለውም አባባል ከዚሁ ሥራ የመጣ ነው። በሌላ በኩል ቈዳን እየወጉ ጥቍረት ማስገባት «መንቀስ» ይባላል። በዐረብኛም ከዚህ ጋር ዝምድና ያለው የሚመስለው «ነቀሸ» የተባለው ግሥ መቅረጽንም እሾህ ማውጣትንም ያመለክታል። ለድድ ንቅሳት የሚነገረው «ውቅራት» ደግሞ «ወቀረ» ከሚለው ይወጣል፤ ይኸውም ወፍጮ የሚወቀርበት፣ ቤተ ክርስቲያንም ከዐለት የሚፈለፈልበት ቃል ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቋንቋው ንቅሳትን የሚያስጠጋው ወደ ሥዕልና ወደ ጽሕፈት ሳይሆን ወደ እጅ ሥራና ወደ ሕክምና መሆኑን ነው። እሾህ የምታወጣው እጅና ጥላሸት የምታስገባው እጅ በአንድ ግሥ ይጠራሉ፤ አንደኛዋ ባዕድ ነገር ከሥጋ ታወጣለች፣ ሁለተኛይቱ ባዕድ ነገር በሥጋ ውስጥ ታኖራለች። ሁለቱም ምን ያህል ጠልቆ መውጋት እንደሚገባ ማወቅ አለባቸው።

በተጨማሪ ንቅሳት ከሌሎቹ የሰውነት ጌጦች መለየት አለበት። ሂናና እንሶስላ ከቈዳ በላይ የሚቀሩ ቀለሞች ናቸው፤ ኵል ለዐይን ቆብ የሚደረግ ነው፤ ሆን ተብሎ ቈዳን በመብጣት የሚሠራው የጠባሳ ጌጥ ደግሞ ቀለም የለውም። ንቅሳት መውጋትና ማጥቈር የተባበሩበት ሥራ ነው። ይህ ልዩነት ለሚከተለው ምስክርነት አስፈላጊ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1512 ዓ.ም. ከአገሩ መልእክተኞች ጋር በምጽዋ በኩል ገብቶ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን እስከ 1518 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ተቀመጠ። ጽሑፉ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1540 በሊዝቦን ታተመ። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ «ኢትዮጵያውያን በእሳት ይጠመቃሉ» የሚል ወሬ ተሰራጭቶ ነበር። የወሬው መነሻ በውጭ አገር የታዩት ኢትዮጵያውያን በግንባራቸውና በዐይናቸው አጠገብ የነበራቸው ምልክት ነው። አልቫሬዝ ነገሩን በቦታው ተመልክቶ ወሬውን አፈረሰ። ምልክቱ የጥምቀት እንዳልሆነ፣ የሚሠራውም በእሳት ሳይሆን በቀዝቃዛ ብረት እንደ ሆነ፣ ሕዝቡም ለጌጥና ለዐይን ብርሃን ይጠቅማል ብሎ እንደሚያደርገው ጻፈ።

ከዚህ ቀጥሎ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ይመጣል። አልቫሬዝ ይህን ሥራ በደንብ የሚያውቁ ሴቶች እንዳሉ ይናገርና አሠራሩን ይገልጻል። እርጥብ የነጭ ሽንኵርት ፍሬ በቦታው ላይ ይደረጋል፤ በዙሪያው በስለታም ቢላዋ ይበጣል፤ ብጡ በጣት ይከፈታል፤ ከዚያ ሰም ይለጠፍበታል፤ በሰሙ ላይ ሊጥ ይደረጋል፤ በመጨረሻም በጨርቅ ታስሮ አንድ ሌሊት ያድራል። ምልክቱም እንደ ተቃጠለ ሆኖ ለዘለዓለም ይቀራል።

ይህ በትክክል ሲነገር ንቅሳት አይደለም፤ ጥቍረት ስላልገባበት የጠባሳ ጌጥ ነው። ቢሆንም ሦስት ነገሮችን ያስረዳል። አንደኛ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሰውን ፊት ምልክት ማድረግ ለማንም የተተወ ሳይሆን የታወቁ ሴቶች ሙያ ነበር። ሁለተኛ፣ ጌጥና መድኃኒት በአንድ ምልክት ተጣምረው ይታሰቡ ነበር። ሦስተኛ፣ የቍስሉ አሸፋፈን ከሥራው ተለይቶ የሚታይ ሳይሆን የሥራው ክፍል ነበር። ሰሙ የተከፈተውን ሥጋ ከንፋስና ከአቧራ ይጋርዳል፤ ሊጡ ሰሙን ይጫናል፤ ጨርቁ ሁለቱን ይይዛል። ከአልቫሬዝ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ስለ ጥምቀት የተናገረው በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በሰፊው ሲጠቀስ፣ ስለ ሰሙና ስለ ሊጡ የተናገረው እምብዛም አይነሣም። ይሁን እንጂ የሴቶቹን ዕውቀት የሚያሳየን ይኸኛው ነው።

ሁለተኛው ምስክር

ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1835 ዓ.ም. ምጽዋ ደርሶ ሦስት ዓመት ያህል፣ ይልቁንም በትግራይ፣ ከሕዝቡ ጋር ኖረ። ስለ ሐበሻ ኑሮ የጻፈው መጽሐፍ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1853 በለንደን ታትሟል። ፓርኪንስ ከሌሎች መንገደኞች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ንቅሳትን በሌላ ሰው ገላ ላይ ብቻ አላየም፤ አንድ ክንዱን ራሱ ተነቅሷል።

ወንዶቹ አልፎ አልፎ በክንዳቸው ላይ አንድ ምልክት ብቻ ሲያደርጉ፣ ሴቶቹ አንገታቸውን፣ ትከሻቸውን፣ ደረታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን በኮከብ፣ በመስመርና በመስቀል እንደሚሸፍኑ፣ በጣቶቻቸውም ላይ ቀለበት የሚመስል መስመር እንደሚያስደርጉ ይናገራል። ስለ ድድም ሲጽፍ አንዳንዶቹ መላውን እንደሚያጠቍሩት፣ ሌሎቹ ደግሞ አንዱን እያጠቈሩ አንዱን በተፈጥሮ መልኩ እየተዉ እንደሚያዥጐረጕሩት ይገልጻል።

የነቀሰችው ዐይኗ የደከመ አሮጊት ነበረች። መሣሪያዎቿም ጥቂት ናቸው። ከተቃጠለ ቅጠላ ቅጠል የተዘጋጀ ጥቍረት በትንሽ ዕቃ፣ ጫፉ የሾለ በአገር የተሠራ የብረት ወስፌ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የሸንበቆ ቍራጭና የሣር አገዳ ነበሯት። ክብ ለማድረግ የሸንበቆውን ጫፍ በጥቍረቱ ነክራ ቈዳው ላይ ታትማለች፤ መስመር ለማድረግ አገዳውን በሚፈለገው ርዝመት አጥፋ፣ በጥቍረቱ ቀብታ ታስቀምጣለች። ንድፉ ካለቀ በኋላ በወስፌው እየወጋች፣ ጥቍረቱንም እየጨመረች፣ መስመሩ አንድ ወጥ እስኪሆን ድረስ በዚያው ላይ ደጋግማ ትሄዳለች።

ፓርኪንስ ይህን አሠራር እንደ መኪና የሚደጋገም እንጂ የሥዕል ችሎታ የሚጠይቅ አይደለም ብሎ ዝቅ አድርጎታል። በዚህ ፍርዱ መስማማት ያስቸግራል። አናጢ ገመድና ቱንቢ፣ ሸማኔም የጥለት ቍጥር አለው፤ በመለኪያ መሥራት የእጅ ባለሙያ ሁሉ ጠባይ ነው። ዐይኗ የደከመ ሴት በሸንበቆና በሣር ብቻ ክቦቿን እኩል፣ መስመሮቿን አንድ ልክ ማድረግ መቻሏ የሙያውን መደርጀት ያሳያል እንጂ አያሳንሰውም። መለኪያው ባይኖር ኖሮ ሥራው በዐይኗ ጥራት ላይ በተንጠለጠለ ነበር።

ቀጥሎ ፓርኪንስ ስለ ቍስሉ ይናገራል። ገላቸውን በሰፊው የሚነቀሱት ሴቶች ብርቱ ትኩሳት ይይዛቸዋል። ስለዚህ የተነቀሰው ገላ ሁሉ በእርጥብ ቅጠል ልጥፍ ይሸፈንና ጥቂት ቀን እንደዚያው ይቈያሉ። በተወጋው ላይ ቅርፊት ይይዛል፤ ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ መርገፍ አለበት እንጂ መላጥ የለበትም። ሲረግፍ ሥራው ተፈጸመ፤ ምልክቱም የማይፋቅ ይሆናል። በመጨረሻም ሕዝቡ ምልክቱ እስከ አጥንት እንደሚዘልቅ፣ ሥጋው ከፈረሰም በኋላ በአጥንቱ ላይ እንደሚታይ ይናገራል ብሎ ይጨምራል። ወደዚህ አባባል በኋላ እንመለስበታለን።

ቅጠሉ የምን ቅጠል እንደ ነበረ ፓርኪንስ ስሙን አልጻፈም። የአሮጊቷን መሣሪያዎች አንድ በአንድ የቈጠረ ሰው መድኃኒቷን «ቅጠል» ብሎ አለፈው። ከላይ ያልነው ጕድለት በጥሩ ምስክር ዘንድ እንኳ እንዲህ ይታያል፤ ምልክቱና መርፌው ተመዝግበው መድኃኒቱ ቀረ።

የነቃሿ ሕግ በሕክምና ዐይን

የሰው ቈዳ በዋናነት ሁለት ደርብ አለው። የላይኛው ያለማቋረጥ የሚረግፍ ነው፤ የታችኛው ደም ሥርና ስሜት ያለበት ጽኑ ክፍል ነው። ጥቍረቱ በላይኛው ብቻ ከቀረ እንደ ሂና ይጠፋል፤ ከታችኛው በታች ካለፈ ይፈስሳል፣ መስመሩም ይደፈርሳል። ስለዚህ የነቃሿ እጅ የሚፈልገው ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊሜትር የማይበልጥ ጥልቀት ነው። የወስፌው ጫፍ ቀጭኑ ክፍል እስኪገባ ድረስ ብቻ መወጋቱ፣ የመሣሪያው ቅርጽ ራሱ የጥልቀት ልክ ሆኖ ያገለግል እንደ ነበረ ያስገነዝባል።

በታችኛው ደርብ የገባውን ጥላሸት ባዕድ ነገርን የሚውጡ የሰውነት ሕዋሳት ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን አይችሉም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2018 በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር እነዚህ ሕዋሳት ሲሞቱ የለቀቁትን ቀለም አዲሶቹ ሕዋሳት መልሰው እንደሚውጡት አሳይቷል። የንቅሳት ዘላቂነት እንግዲህ ቀለሙ ባለበት መድረቁ አይደለም፤ ሰውነት ያለማቋረጥ የሚያደርገው ጥበቃ ነው። ጥላሸት ለዚህ የተመረጠ መሆኑም በዓለም ሁሉ ይታያል። በፈረንጆች 1991 በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረው ሰው 61 ምልክቶች ያሉት ሲሆን የተነቀሱትም በከሰል ጥቍረት ነው።

ቅርፊቱን አለመላጥ የሚለው የነቃሿ ሕግ ከዛሬው ትምህርት ጋር ፈጽሞ ይስማማል። ቅርፊቱ ያለ ጊዜው ሲነሣ ገና ያልጸናው ቀለም አብሮት ይወጣል፤ መስመሩ ይቈራረጣል፤ ለመመርቀዝም በር ይከፈታል። በጥቍር ቈዳ ላይ ደግሞ የተቈጣ ቍስል ከፍ ብሎ የሚያብጥ ጠባሳ ሊተው ይችላል። የጥቂት ቀን ዕረፍትም ቢሆን ትኩሳትን ለማሳለፍ የሚያስፈልግ ነበር። ሴቶቹ ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን በብዙ ገላ ላይ ከታየ ውጤት ነው።

ይህን ስንመሰክር ግን የሙያውን አደጋ መሸፈን አይገባም። በንጹሕ ውሃ ያልታጠበ ቅጠል ከአፈር የሚመጣውን የቴታነስ ዘር ወደ ቍስሉ ሊያስገባ ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የመርፌው ነገር ነው። አንድ ወስፌ ከአንዷ ሴት ወደ ሌላይቱ ሲዘዋወር ደም ከደም ይቀላቅላል። የጕበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ሊቈይ ይችላል፤ እንግዲህ ከሳምንት በፊት ተጠርጎ የተቀመጠ ንጹሕ የሚመስል መርፌ ንጹሕ አይደለም። ነቃሿ የምታየውን ቍስል መጠበቅ ታውቅ ነበር፤ የማይታየውን ዘር የምታውቅበት መንገድ ግን አልነበራትም። የዕውቀቷ ወሰን በዚህ ላይ ነበር።

ጌጥ፣ እምነትና መድኃኒት

ንቅሳት ለምን ይደረግ እንደ ነበረ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ውበት ነው። ነጭ ጥርስ ከጠቈረ ድድ ጋር ሲታይ ይበልጥ ያበራል። የግንባሩ መስቀል ደግሞ ክርስትናን ይገልጻል፤ ምንም እንኳ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቍጥር 28 ገላን መብጣትና ምልክት ማድረግ የተከለከለ ቢሆን፣ ልማዱ በክርስቲያኑ ሕዝብ ዘንድ ጸንቶ ኖሯል። በዓባይ ሸለቆ ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ ነበር። በሱዳን ከተገኙት የክርስቲያን ኑብያ ዘመን አስከሬኖች መካከል በ700 ዓ.ም. ገደማ የኖረች ሴት በጭኗ ላይ የሊቀ መላእክት ሚካኤል ስም ተነቅሶ ተገኝቷል። የግብጽ ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ በቀኝ እጃቸው ላይ መስቀል ይነቀሳሉ።

ሦስተኛው ምክንያት መድኃኒትነት ነው። በደጋው አገር በአንገት ዙሪያ የሚደረገው መስመር ጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ይከላከላል ተብሎ የሚታመን ነበር። እንቅርት በምግብ ውስጥ አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር ሲያንስ የሚመጣ እብጠት እንደ ሆነ ዛሬ ይታወቃል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አዝዟል። መርፌው ሊፈውሰው ያልቻለውን በሽታ ጨው ይከላከለዋል። ሆኖም የአንገቱ መስመር እናቶች ለልጆቻቸው ጤና ከመጨነቅ ያደረጉት መሆኑን መገንዘብ ይገባል፤ አልቫሬዝ ስለ ዐይን ብርሃን የሰማውም ከዚሁ ጭንቀት የመጣ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ከባድ ነገር መነገር አለበት። አብዛኞቹ ሴቶች የተነቀሱት በልጅነታቸው፣ በእናቶቻቸው ፈቃድ ነው። ለሙያው የምንሰጠው አክብሮት ያለ ፈቃዷ የተወጋችውን ልጅ ሕመም እንድንረሳ ሊያደርገን አይገባም። ፓርኪንስ ክንዱን የሰጠው ወድዶ ነው፤ ድዷ የተወጋው ልጃገረድ ግን ምርጫ አልነበራትም።

መርፌው በኋለኛው ዘመን

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በፈረንጆች 1986 ከታወቁ ወዲህ በጋራ የሚሠራበት መርፌ ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። ጎጂ ልማዶችን ለማስቀረት የተሰጠው ትምህርትም ንቅሳትን እንጥል ከማስቈረጥና ግግ ከማስወጣት ጋር ቈጠረው። ትምህርቱ በጤና በኩል እውነት አለው፤ የብዙ ሰውም ሕይወት ሳያተርፍ አልቀረም። ነገር ግን ያልታሰበ ውጤት አመጣ። ነቃሿ ስለ ሙያዋ መናገር አፈረች፤ የተነቀሰችውም ሴት አንገቷን በነጠላ መሸፈን ጀመረች። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በሁለት ቀን ውስጥ ወደ እስራኤል በተጓዙ ጊዜ በግንባራቸው መስቀል የተነቀሰባቸው ሴቶች በመካከላቸው ነበሩ፤ አንዳንዶቹ በኋላ በሕክምና አስፍቀውታል። ዛሬ በጨረር ማስፋቅ ይቻላል። ጨረሩ ጥላሸቱን ያደቅቀዋል፤ ሰውነትም ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል፤ በጥቍር ቈዳ ላይም ነጭ ምልክት የመተው አደጋ አለው።

በዚያው ዘመን ንቅሳት በሌላ በር ተመልሶ ገባ። በአዲስ አበባ ወጣቶች «ታቱ» የሚሉትን በኤሌክትሪክ መሣሪያ ይነቀሳሉ፤ ይህ ዓይነቱ መሣሪያ በኒው ዮርክ በፈረንጆች 1891 በሳሙኤል ኦራይሊ ስም የተመዘገበ ነው። የዛሬው ነቃሽ ለሥራው ጓንት ያጠልቃል፤ መርፌው ለአንድ ሰው ብቻ አገልግሎ ይጣላል፤ ቀለሙም ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይቀዳል። ቀጥሎ ለተነቃሹ የሚሰጠው ትእዛዝ ይህን ይመስላል፤ በታጠበ እጅ ብቻ ይነካ፣ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፣ ቅባቱ ስስ ይሁን፣ ፀሐይ አይምታው፣ ቅርፊቱ አይላጥ፤ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደ ሐኪም ይኬድ። ከእነዚህ መካከል የቅርፊቱ ትእዛዝ ዐይኗ የደከመው አሮጊት ለፓርኪንስ ከሰጠችው ጋር አንድ ነው። የተለወጠው የመርፌው ንጽሕና ነው። እንግዲህ ከቀድሞው ሙያ የሚነቀፈው ምን እንደ ሆነ፣ የሚመሰገነውም ምን እንደ ሆነ ለይቶ መናገር ይቻላል፤ ሁሉንም በአንድነት «ጎጂ ልማድ» ብሎ መዝጋት ግን ለጤናም ለታሪክም አይበጅም።

በሂናም በኩል ቢሆን ነገሩ ሙሉ በሙሉ ያለ አደጋ አይደለም። ቀለሙ ቶሎ እንዲጠቍር የጠጕር ማጥቈሪያ ኬሚካል የተጨመረበት «ጥቍር ሂና» ቈዳን ሊያቈስል፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል። የማይወጋው ጌጥ እንኳ ባዕድ ነገር ሲገባበት ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ለአጥኚዎች የቀረው ሥራ

የንቅሳት ታሪክ በሌላው አገር ከመሬት ተቈፍሮ ይገኛል። የአልፕሱ ሰው በበረዶ፣ የኑብያዋ ሴት በበረሃ ድርቀት ቈዳቸው ስለ ተጠበቀ ዛሬ ሊጠኑ ተችሏል። ዝናብ በሚበዛበት በእኛ ደጋ ግን በመቃብር ቈዳ አይቀርም። ስለዚህ መዝገባችን በሕይወት ያሉት ሴቶች ናቸው። የተነቀሱት በልጅነታቸው ስለ ነበረ፣ ልማዱም በከተሞች እየቀረ ስለ ሄደ፣ የሚያስታውሱት በአብዛኛው አሮጊቶች ሆነዋል፤ የነቀሷቸው ደግሞ ከእነርሱ የሚበልጡ ነበሩ።

የጨርጨር ከተሞች ለዚህ ጥናት የተለየ ጥቅም አላቸው። ሁለቱ ጌጦች በአንድ አገር ስላሉ ማነጻጸር ይቻላል። በመቻራ፣ በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በሂርናና በአሰበ ተፈሪ የሚኖር ተማሪ ወደ ሩቅ አገር መጓዝ አያስፈልገውም፤ ከአያቱና ከአያቱ ጎረቤት መጀመር ይችላል። ምልክቱ ምን ማለት ነው ብሎ ከመጠየቅ በፊት ማን ነቀሰችዎት፣ የት ተቀምጣ፣ በምን መርፌ፣ ጥቍረቱ ከምን ተዘጋጅቶ፣ በቍስሉ ላይ የምን ቅጠል ተደርጎ፣ ስንት ቀን ተኝተው፣ ማን አስታመመዎት ብሎ ይጠይቅ። ሂና ከምትቀባዋም ሴት ዘንድ ሄዶ ሙያዋን እንዲሁ በዝርዝር ይጻፍ። የቅጠሉን ስም ሲሰማ ቅጠሉን ራሱን አድርቆ ለዕፀዋት ዐዋቂ ያሳይ፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ዕፀዋት ከአገር አገር ይለያያሉና። ለመናገር የማትፈልገውን ሴት አያስገድድ፤ ሸፍና የኖረችውን ምልክት ለመግለጥ ፈቃዱ የእርሷ ነው።

ፓርኪንስ የሰማው ሕዝቡ ስለ አጥንት የሚናገረው ነገር በሥጋ ረገድ እውነት አይደለም። ጥላሸቱ ከውስጠኛው ቈዳ አያልፍም፤ ከቈዳውም ጋር ይፈርሳል፤ በአጥንት ላይ የሚቀር አንዳች ምልክት የለም። ሕዝቡ ይህን ሲል ግን የደከመበትና የታመመበት ነገር ከሞት በኋላም እንዲቀር መመኘቱ ነበር። ምኞቱ የሚፈጸመው በአጥንት ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ ነው፤ ለዚህም ያለው ጊዜ አሮጊቶቹ በሕይወት ያሉበት ጊዜ ብቻ ነው።